የሁለቱም ወገን ወርዋሪ

ላይል ሁዳክን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው በማሞቂያው ቱቦ በኩል የሚወርደው የእህቱ ድምፅ ነበር። ያንግስታውን ውስጥ ያሉ አሮጌ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ምድር ቤት የተኛ ሰው ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ የሚባለውን አንድም ሳይቀር ይሰማል፤ ላይ ያሉት ግን ይህን ሁልጊዜ ይረሳሉ። ሽንኩርት እየተከተፈ ነበር። ቢላዋው እንጨቱን መታ መታ አድርጎ ቆመ።

«ዘንድሮ እሱ አይወረውርም» አለች ኖሪን። «በቃ፣ ተስማምተናል። ማን ይንገረው ነው የቀረው።»

«አንቺ ንገሪው።» ይህ የግሌን ድምፅ ነው። ግሌን የሁለቱም ታላቅ ነው። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ቢሆንም በየዓመቱ በምስጋና ቀን ጠዋት የሚታጠፉ ወንበሮቹን ለማድረስ ይመጣል።

«ለምን እኔ?»

«ያደረው አንቺ ቤት ነዋ።»

«ታላቁ አንተ ነህ።»

«ሰባት ዓመት እኩል ለእኩል!» አለ ግሌን። «አንዴ ይሁን፣ ሁለቴ ይሁን። ሰባት ዓመት ሙሉ እኩል የሚወጣ ጨዋታ የት አየሽ? ልጆቼ እንኳ ነቅተውበታል። እሱ እኮ ዛሬም የምናውቅ አይመስለውም። ሕፃን አደረገን!»

«ለኛ ብሎ ነው፤ እንዳንጣላ።»

«ለኛ ብሎ አይደለም። ማንም እንዳይጠላው ብሎ ነው።»

ቢላዋው እንደገና መክተፍ ጀመረ። ላይል ሶፋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ የጣሪያውን ቧንቧዎች ሲያይ ቆየ። ምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ይሸታል። ከእግሩ በታች የገና ዛፍ የታሸገበት ካርቶን አለ፤ ከራስጌው ደግሞ ኖሪን ከእናታቸው ቤት ያመጣችው፣ ማንም ያልፈለገው የስፌት መኪና። ተነስቶ ደረጃውን ቢወጣ እንደሰማ ያውቁበታል፤ ስለዚህ የግሌን መኪና ተነስታ እስክትሄድ ጠበቀ። ከሄደችም በኋላ ጥቂት ጨመረበት። ዕድሜው አርባ አራት ሆኗል። ከኮሎምበስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቶ የመጣው ለምግቡ አልነበረም። ከምግቡ በፊት፣ ከተዘጋው ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ፣ የኖሪን ቤትና የግሌን ቤት በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታሉ። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ በዚያች ቀን ብቻ አሥር ሰው ተሰልፎ የእሱን እጅ ይጠብቃል። ዘጠኝ ዓመት በሙያው ተከፍሎት የኖረን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ለአንድ ቤት መስጠት ግፍ ነው ተብሎ ገና ድሮ ስለተወሰነ፣ ለሁለቱም ወገን የሚወረውረው እሱ ነው። ኳሷ የኖሪን ቤት ስትሆን ለኖሪን ቤት፣ የግሌን ቤት ስትሆን ለግሌን ቤት ይወረውራል። እናታቸው በሞተች ዓመት ሁለቱ በቤቱ ሽያጭ ተኳርፈው ሜዳው ላይ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ቆመው ነበር። ያን ዕለት ላይል አንዱን ኳስ ትንሽ አርዝሞ፣ አንዱን ትንሽ አሳጥሮ ጨዋታውን እኩል አወጣው፤ በመጨረሻም ተጨባበጡ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ውጤት ማውጣት አልቻለም።

ሲወጣ ኖሪን ከምድጃው ፊት ጎንበስ ብላ የበዓሉን ጥብስ፣ ትልቁን ወፍ ተርኪውን፣ በማንኪያ ጭማቂ እያጠጣች ነበር። «ደህና አደርክ? ሶፋው ቆረቆረህ?» አለችው ሳትዞር። «ደህና ነው» አላት። ቡና ቀዳችለትና ስኳሩን ወደ እሱ ገፋች። ላይል ስኳር የተወው የዛሬ ስንት ዓመት ነው። ከዚያ ሁለቱም መስኮቱን አዩ። መኪናዎቹ ጣሪያ ላይ ስስ አመዳይ ነበር። ኖሪን ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። አንዴ ስለ አየሩ ተናገረች፤ ሁለተኛው ላይ ግን እጇን በፎጣ ጠርጋ «ክሬም አልቆብኛል፤ እኩለ ቀን ላይ ሳይዘጉ ሮጥ ብለህ ብታመጣልኝ» አለችው። ላይል ኮቱን ሲለብስ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ዘጋች። በሩ ላይ፣ ከወተቱ አጠገብ፣ ያልተከፈተ የክሬም ካርቶን ቆሞ አየ። የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የረሳውን ነገር ሊገዛ የመጣ ነበርና ይጣደፋል። ከሳምንት በፊት ስድስት ዶላር የነበረው የዱባ ፓይ ወደ ሦስት ወርዷል፤ ክሬሙ ግን አምስት ገብቷል። ከላይል ፊት ተራ የያዙት ሽማግሌ የስኳር ድንች ቆርቆሮ ታቅፈው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው የጆሮ መሸፈኛ አለው። ዞር ብለው አዩት፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዞሩ።

«አንተ የሁዳክ ልጅ አይደለህም? የብረት ፋብሪካው የሁዳክ?»

«ነኝ፣ አባባ።»

«ኳርተርባኩ!» ድምፃቸው ሰልፉን ሁሉ አዞረው። «ከቫንስ ኮርዴል ጋር የነበርከው! በል እስቲ ንገረኝ፣ ኮርዴል እንዴት ያለ ሰው ነው? እውነት ጨዋታ ሊገባ ሲል ያስመልሰው ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለ ላይል። «ካላስመለሰው እንደውም እንጨነቅ ነበር።»

ሰልፉ ሳቀ። ላይል ይህን ቀልድ ብዙ ጊዜ ተናግሮታል። ሽማግሌው አልበቃቸውም፤ ኮርዴል ኳሷ ከመነሳቷ በፊት እንዴት እንደሚጮህ እንዲያሳያቸው ለመኑት። ላይል ክሬሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ ትከሻውን ሰበቀ፤ አገር ያወቀውን የኮርዴልን ጎርናና፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አወጣው። ሰው አጨበጨበ። አንዲት ሴት «የዳላሱን ኳርተርባክስ ትችላለህ?» አለች። እሱንም አደረገው። የተጠባባቂ ኳርተርባክ ሥራው ይኸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት፣ አምስት ከተማ፤ በየሳምንቱ የሚመጣውን ባላጋራ ኳርተርባክ ሆኖ በልምምድ ሜዳ የገዛ ቡድኑን መግጠም። የሰውየውን አቋቋም፣ ጣቱን የሚልስበትን ጊዜ፣ ድምፁን አጥንቶ የራሱ ጓደኞች በሱ ላይ ይለማመዱበት ነበር። ጥሩ የሠራ ዕለት አሠልጣኙ ትከሻውን መታ አድርጎ «ዛሬ ልክ እሱን ሆነህ ነበር» ይለዋል። በእውነተኛ ጨዋታ የገባው ቡድኑ እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ዋናው እንዳይጎዳ ያስወጡትና ላይልን ያስገቡታል። እሱም ኳሷን ተቀብሎ ሰዓቱ እንዲሮጥ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። እናታቸው ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ «የኔ ልጅ ተንበርክኮ ነው የሚያሸንፈው» ትል ነበር። ቀልድ ይሁን ኩራት ማንም አላወቀም።

ገንዘብ ተቀባይዋ ወጣት ናት፤ ክሬሙን በማሽኑ ላይ እያሳለፈች «እርስዎስ?» አለችው። «የእርስዎ ድምፅ እንዴት ነበር?»

ላይል አፉን ከፈተ። አንድ ነገር የሚመጣ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። «እኔ ብዙም አልጮህኩም» አላትና የገንዘቡን መልስ ተቀብሎ ወጣ።

ወደ ሜዳው የሄዱት ከሰዓት በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መስኮቶቹ በጣውላ ታሽገዋል፤ ሣሩ ግን አሁንም ይታጨዳል፤ ማን እንደሚያጭደው የሚያውቅ የለም። ግሌን ከሦስት ልጆቹና ከሚስቱ ጋር መጣ። የኖሪን ወገን ኖሪን፣ ባሏ ዱዌይን፣ ልጇ ኬልሲ፣ የኬልሲ ባልና ለበዓሉ የተጋበዘ የሥራ ጓደኛው ናቸው። አምስት ለአምስት። ጃኬቶቹ በሜዳው ሁለት ጫፍ እንደ መስመር ተጣሉ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሰው መጣል የለም፣ ኳስ የያዘን ሰው ለማስቆም በሁለት እጅ መንካት ይበቃል፤ ኳስ ይዞ የባላጋራውን መስመር ያለፈ አንድ ነጥብ ያገኛል። ሰዓቱን የሚወስነው ተርኪው ነው። ምድጃው የሚጠፋበት ደቂቃ በዱዌይን ስልክ ላይ ይሞላል፤ ስልኩ ሲጮህ በእጅ ያለው ኳስ የመጨረሻው ይሆናል።

ኳሷ ግሌን ብብት ሥር ነበረች። በሌላው ዓመት ገና ከመኪናው ሲወርድ ለላይል ይወረውርለታል። አሁን አልወረወረም። ሁሉም ሣሩን አየ። ኖሪን የአንገት ልብሷን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ «ላይል፣ እንግዲህ ዘንድሮ…» ስትል ፊቷ ቀላ። ላይል ሊያያት አልቻለም።

«ትከሻዬን አሞኛል» አለ ቶሎ ብሎ። «ዘንድሮ ባልወረውር ይሻላል።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። «ምነው? ምን ሆነህ?» አለች ኖሪን፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው እፎይታ እሷንም ያሳፈራት ይመስላል። «በል እረፍ! መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ አለ። ተቀምጠህ እያየኸን…»

ላይል ያላሰበው ይህንን ነበር። ሊያቀልላቸው ብሎ የወረወረው ውሸት እሱኑ ከሜዳው ዳር አስቀመጠው። ዘጠኝ ዓመት የቆመበትን ቦታ ደግሞ ደህና አድርጎ ያውቀዋል።

«መጫወት ግን እችላለሁ» አለ።

«የት?» አለ ግሌን።

በክፋት የተባለ አልነበረም። ግሌን በእውነት እየጠየቀ ነበር። የኖሪን ቤት አምስት ነው፤ የግሌን ቤት አምስት ነው። ላይል ቤቱ ኮሎምበስ ያለች የኪራይ አፓርታማ ናት፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሸጠው የስፖርት ዕቃ ካርቶን ሳሎኑን ሞልቶታል፤ ከዚያች ቤት የሚሰለፍ ሌላ ሰው የለም። ከግሌን ልጆች አንዱ ሳል ያዘው። ነገሩ ሲከብድ ዱዌይን ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አሸ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺ ጉልበት ከጠዋት ጀምሮ ሰው አላደረገችኝም» አለ። ዱዌይን አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ነገር የማያበዛ ሰው። «በኔ ቦታ ይግባ። ብርድ ልብሱን ለኔ ስጡኝ።»

«ስለዚህ ለኖሪን ነው የሚጫወተው?» አለ ግሌን።

«ለኖሪን ነው የሚጫወተው» አለ ዱዌይን፣ ስልኩን እያወጣ።

መጀመሪያ ላይ ላይል ከማንም የባሰ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜውን ሁሉ ኳስ ከእጁ ስትወጣ እንጂ ወደ እሱ ስትመጣ አላየም። ኬልሲ የወረወረችለት የመጀመሪያዋ ኳስ ደረቱን መትታ ወደቀች፤ ሁለተኛዋ ከጣቱ አመለጠች። «አጎቴ፣ ሳሙና ቀብተህ ነው የመጣኸው?» ብላ ኬልሲ ስትጮህ የግሌን ልጆች በሳቅ ወደቁ። መሮጥ ያለበትን ሁሉ ያውቃል፤ እግሩ ግን የሚያውቀውን አያውቅም። ጨዋታ ሲቆም ሳያስበው ከሜዳው ወጥቶ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ «ላይል! ና እንጂ!» ብለው ሲጠሩት ደንገጥ ብሎ ይመለሳል። ከዚህም የባሰ አለ። የግሌን ትንሹ ልጅ ኳስ ሲያመልጠው ላይል ወደ እሱ ሄዶ «ጣትህን ዘርጋ፤ በመዳፍህ አትጠብቃት፤ ትንሽ ወደ ግራ ብትቆም ደግሞ ማንም አይደርስብህም» አለው። ልጁ እንደተባለው ቆመ፤ ኳሷ መጣችለት፤ መስመሩን አለፈ። የግሌን ቤት አራት ለሦስት መራ።

ኖሪን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መሃል ሜዳ ቆመች። «አንተ ሰውዬ የማን ነህ?»

ላይል ዞር ብሎ የግሌንን ልጅ አየ።

«የኛ እኮ ነህ!» አለችው። «የኛ ነህ ተባለ! ለነሱ አታስተምር!»

«ይቅርታ፣ ረሳሁት» አላት፤ ሰዎቹ የሳቁት ቀልድ መስሏቸው ነው።

የኬልሲ ባል ኳሷን ይዞ በሁለት ሰው መሃል ሾልኮ አራት ለአራት አደረጋት። ከዚያ ኳሷ ለግሌን ሆነች፤ ግሌን ገና ሰዎቹን ሳያሰልፍ የዱዌይን ስልክ ጮኸ።

«ተርኪው ደርሷል!» አለ ዱዌይን ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «የመጨረሻዋ ናት!»

ግሌን አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሆድ አውጥቷል፤ ዛሬ ግን ለቤቱ የሚወረውረው እሱ ራሱ ነውና ጉንጩ እንደ ልጅ ቀልቷል። ሚስቱ ኳሷን አቀበለችው። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሁለቱ ልጆቹ ወደ ቀኝ ሮጡ፤ የኖሪን ሰዎችም ተከተሏቸው። ትልቁ ልጅ ብቻ በግራ በኩል በቀስታ፣ ማንም እንዳያየው ሆኖ ወጣ። ላይል ወንድሙን አየ። ዘጠኝ ዓመት የሰውን ወርዋሪ ሲያጠና ኖሯል፤ ሰው ሊወረውር ሲል ከእጁ በፊት ሌላ ቦታው ይናገራል። ግሌን አገጩን ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ በኩል አደረገ። ላይል እግሩን ሳይጠይቀው ወደ ግራ ሄደ።

ኳሷ ከግሌን እጅ ስትወጣ ላይል የምታርፍበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ስትመጣ ብዙ ጊዜ ያላት መሰለው። መዳፉን ዘርግቶ ቢመታት መሬት ትወድቃለች፤ አራት ለአራት ያልቃል፤ ይጨባበጣሉ፤ ሰባቱ ስምንት ይሆናል። እጁ ያንን ያውቀዋል፤ መዳፉ ተዘርግቶም ነበር። ከኳሷ ማዶ ግሌን ቆሟል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ደግሞ ፍርሃት አልነበረም፤ «ያው የማውቀውን ታደርጋለህ» የሚል፣ የሰለቸው ፊት ነበር።

ላይል ጣቶቹን ኳሷ ላይ ዘጋ።

ከዚያ ኳሷን ይዞ ወደ ግሌን ወገን መስመር ሮጠ። የገረመው ማንም የሚከተለው አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም ቆመው ያዩታል። የሚከተለው ግሌን ብቻ ነበር፤ ትንፋሹ ከኋላው ይሰማል፤ «አንተ! አንተ!» ይላል። ላይል ጃኬቶቹን ካለፈ በኋላ ግሌን በሁለት እጁ ጀርባውን ገፋው፤ መንካት ሳይሆን መግፋት ነበር። ላይል በእርጥቡ ሣር ላይ በደረቱ ተዘረጋ። ቀዝቃዛ ውሃ በሸሚዙ ገባ። ከሩቅ የኖሪን ጩኸት ይሰማል፤ እንደ ልጅነቷ ትዘላለች።

ግሌን በላዩ ቆሞ አለከለከ። «ለዚህ ነው ዘጠኝ ዓመት የከፈሉህ? በምስጋና ቀን ወንድምህን ልታዋርድ?»

«ጨዋታ ነው» አለ ላይል ከመሬት።

«እሱን አሁን አወቅህ?» አለው ግሌንና ዞሮ ሄደ። እጁን አልሰጠውም።

ማዕዱ ላይ ላይል የዱዌይንን ሹራብ ለብሶ ተቀመጠ። ሁለቱ ጠረጴዛ ተጋጥሞ የጠረጴዛ ልብሱ መገጣጠሚያው ላይ ጎድጎድ ብሏል። ተርኪው፣ ድንቹ፣ በጎመን የተጠቀለለው ሥጋ፣ ኖሪን በእናታቸው አሠራር የምትሠራው ሾርባ፤ ሁሉም በየተራ ዞረ። ኖሪን አገጭዋ በሾርባ እንፋሎት ወዝቶ የመጨረሻዋን ኳስ ሦስት ጊዜ ተረከች፤ በሦስተኛው ላይ ላይል ያልዘለለውን ዝላይ ዘለለ። የኬልሲ ባል ጓደኛ ሥራው ምን እንደነበረ ላይልን ሲጠይቅ ኖሪን ቀድማ መለሰችለት። ከዚያ ወሬው ወደ መኪና ኢንሹራንስና ወደ ኬልሲ የሆስፒታል ፈረቃ ሄደ፤ ላይል እንደ ሁልጊዜው ማንም የማይጠይቀው ሰው ሆኖ በላ። በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ግሌን አጎንብሶ ነበር። የድንቹን ሳህን በላይል በኩል ማሳለፍ ሲገባው በሚስቱ ጀርባ አዙሮ ለዱዌይን ሰጠው። ጨው ሲፈልግ፣ ጨው ላይል ፊት እያለ፣ ተነስቶ ከወጥ ቤት አመጣ። ሁሉም አይቷል። ላይል ወንድሙ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ጨው አቀብለኝ ሲለው ፊቱን አይቶ ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አላስታወሰም። ዛሬ ግን ግሌን እሱን ላለማየት ሲል እሱ ያለበትን ቦታ በየደቂቃው ማወቅ ነበረበት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጨልሟል። ግሌን ወንበሮቹን መኪናው ላይ ጫነ፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር በሌላው መኪና ቀድመው ሄደዋል። ኖሪን ከወጥ ቤት በወረቀት የተጠቀለለ የተርኪ እግር ላይል እጅ ላይ አኖረች። «ለግሌን ስጠው። እኔ ብሰጠው አይወስድም፤ የኔ ማሸነፍ ደግሞ ከንክኖታል» አለችና ሳቀች።

ላይል በዱዌይን ሹራብ ብቻ፣ ያለ ኮት ወጣ። ግሌን ሞተሩን አስነስቷል። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጥቅሉን ሳያየው ተቀበለና ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ላይል ሊመለስ ሲል፣

«አንተ» አለ ግሌን፣ ፊት ለፊቱን እያየ። «በምን አወቅህ?»

«ምኑን?»

«ወደ ግራ እንደምወረውር። ልጁን አላየሁትም። ሆነ ብዬ ነው ያላየሁት።»

ላይል ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ የጠየቀውም አልነበረም። «አገጭህን ነው ያየሁት» አለ።

«አገጬ ምን ሆነ?»

«ልትወረውር ስትል ወደምትወረውርበት በኩል ወደ ላይ ታደርገዋለህ። ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበርክ።»

ግሌን መሪውን ጨበጠ። የመኪናው ማሞቂያ ይነፍሳል። «ውሸታም» አለውና መስታወቱን ዘጋው።

መኪናው ግን ወዲያው አልተነሳችም። ላይል እግረኛ መንገዱ ላይ እጁን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆመ። ከውስጥ ያለችው ትንሿ መብራት ገና አልጠፋችም። ግሌን መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ የሌላ እጁን ጣቶች ኳስ እንደያዘ ሰው ወደ ጆሮው አነሳ፤ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ራሱ አዞረ፤ ቆየት ብሎ አገጩን ወደ ላይ አደረገ። መልሶ አወረደው። እንደገና አደረገው።